ልጄን የዳኘሁበት እሑድ

ዘንድሮም የሳይንስና ቴክኖሎጂ ቀን ሲቃረብ ዳኛ እንድሆን ደብዳቤ ደረሰኝ። ያመጣልኝ ወጣት መምህር ድሮ ተማሪዬ የነበረ ነው። እኔ ከሌለሁበት ወላጅ ውጤቱን እንደማያምን፣ በፍትሐዊነት ስሜ የታወቀ መሆኑን እያነሳ ሊያግባባኝ ሞከረ። ሻይ ጋብዤ፣ አመስግኜ፣ አልችልም ብዬ ሸኘሁት። ባለቤቴ ከሞተች ዓመት ስላልሞላ ሐዘኑ የከለከለኝ መስሎት አዝኖልኝ ሄደ። ሐዘኑስ አለ። ግን እምቢ ያልኩበትን ምክንያት ለእሱ ልነግረው አልቻልኩም፤ ለማንም ነግሬ አላውቅም።

እኔ አምቦ ውስጥ ፊዚክስ ሳስተምር ነው ያረጀሁት። ፊዚክስ ስል በጠመኔ ማለቴ ነው። ባትሪውንም አምፖሉንም ሞተሩንም ሰሌዳ ላይ እስላለሁ፣ ተማሪው ደብተሩ ላይ ይስላል፣ ፈተና ላይ ያንኑ መልሶ ይስልልኛል፣ ተባብረን እናልፋለን። ቤተ ሙከራ የሚባለው ክፍላችን ቁልፉ ከአንዱ ርዕሰ መምህር ወደ ሌላው ሲተላለፍ የሚኖር፣ ውስጡ ግን የተሰበረ ወንበር የሞላበት ቤት ነበር። ስለዚህ በዓመት አንድ እሑድ፣ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ፣ ልጆች በእጃቸው የሠሩትን ይዘው ወደ ትምህርት ቤቱ ግቢ ሲመጡ ከእነሱ ይልቅ የምፈነድቀው እኔ ነበርኩ።

ከጊንጪ በሚኒባስ ተጭነው የሚመጡ ነበሩ። ከካቺሲ አንድ ቀን ቀድመው ደርሰው ዘመድ ቤት የሚያድሩም ነበሩ። ድንኳን ይተከላል፣ ጠረጴዛ ይደረደራል፣ ልጆቹ ጉልበታቸውን አልፎ የሚወርድ ነጭ ጋውን ይለብሳሉ። እናቶችና አባቶች የቅዳሴ ልብሳቸውን ሳይቀይሩ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዞራሉ። የአንዱ የካርቶን ድልድይ ገና ሳይነካ ይፈርሳል። የአንዷ የፀሐይ ምድጃ ደመናው እስኪገለጥ ይጠብቃል። አምቦ ነውና ከምንጩ በጄሪካን ውሃ ቀድቶ፣ ከውሃው በሚወጣው ጋዝ ሻማ የሚያጠፋ ልጅ በየዓመቱ አይጠፋም። ሽማግሌዎቹ እኛ ቆሌ ነው ስንል የኖርነው ይኼን ነው እንዴ እያሉ ይስቃሉ።

ውድድሩን ሦስት ዳኞች እንመራዋለን። እያንዳንዳችን ለእያንዳንዱ ሥራ ነጥብ እንሰጣለን፣ ከነጥቡ ሥር አንድ መስመር አስተያየት እንጽፋለን። ማምሻውን ነጥቡም አስተያየቱም በቤተሰብ ፊት በማይክሮፎን ይነበባል፤ ወረቀቱም ለልጁ ይሰጠዋል። ልጁ ከስህተቱ ይማር፣ ሰውም በዳኞቹ ላይ ነገር እንዳይጠረጥር ብዬ ይህን ልማድ ያመጣሁት እኔ ነበርኩ። ባመጣሁት ጊዜ ብዙ ተመስግኜበታለሁ።

ባለቤቴ እህል ነጋዴ ነበረች። ገበያው ጠርዝ ላይ አንዲት ጠባብ ሱቅ ነበረቻት፤ ከጊንጪ ገበሬዎች ጤፍ ትረከባለች፣ አበጥራ ትሸጣለች። የእኛ ከተማ ሰው ጤፍ ሲገዛ መዳፉ ላይ ዘርግቶ፣ እፍ ብሎ፣ አንዲት ገለባ ብትበር ፊቱን አዙሮ የሚሄድ ነው። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ በወንፊትና በሰፌድ፣ በር ዘግታ፣ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አስራ፣ ብናኝ ውስጥ ትውላለች። ቤት ስትገባ ቅንድቧ ሁሉ ነጭ ነው። ሳሉ የጀመራት ልጃችን ሕፃን ሳለች ነው። እየቆየ ደረቷ እንደ አሮጌ በር ሲጥ ሲጥ ይል ጀመር። እሷ ትስቅበታለች፣ እኔ ወተት ጠጪ እላለሁ። አንድ ነገር ለማድረግ ያሰበችው ልጃችን ብቻ ነበረች።

ያኔ ሰባተኛ ክፍል ነበረች። ሌላ ልጅ የለንም። ከቁራሌው የአሮጌ ሚኒባስ ማሞቂያ ማራገቢያ ከነሞተሩ ለምና አመጣች። ከባጃጅ ሾፌሮች የተጣለ ባትሪ አገኘች። ከዘይት ቆርቆሮ፣ ከጣውላ፣ ከእናቷ አሮጌ ወንፊትና ከአቡጀዴ ጨርቅ አንዲት ሣጥን መሥራት ጀመረች። ጤፉ ከላይ ይፈሳል፣ ዘንበል ያለው ወንፊት ላይ ይንሸራተታል፣ ማራገቢያው ከጎን ይነፋዋል፣ ገለባውና ብናኙ ጨርቁ ከረጢት ውስጥ ይገባል፣ ጤፉ ከታች ይወርዳል። ወሬው ሲወራ ቀላል ነው። እሷ ግን ስታፈርስና ስትሠራ ወራት ፈጀባት።

በእነዚያ ወራት ሦስት ጊዜ እርዳታ ጠየቀችኝ። መጀመሪያ የትምህርት ቤቱን የሽቦ መበየጃ አውሰኝ አለች። ቀጥሎ የትኛው ሽቦ ወፍራም መሆን እንዳለበት ጠየቀችኝ። መጨረሻ ላይ፣ ይኼ ነው የሚያንገበግበኝ፣ ቆርቆሮውን ስትቆርጥ እንድይዝላት ብቻ ለመነችኝ። ሦስቱንም እምቢ አልኩ። የሳይንስ ክበቡ ኃላፊ እኔ፣ ውድድሩን የማዘጋጀው እኔ፤ አባቷ ሠራላት ይባላል ብዬ ፈራሁ። እኛ ቤት ይሉኝታ እንደ ጨው ነው፣ የማይገባበት ነገር የለም። እሷም ከዚያ በኋላ አልጠየቀችኝም። መናኸሪያው አጠገብ ያለው ሬዲዮ ጠጋኝ ጋ እየሄደች፣ ሥራ እስኪያልቅለት ቆማ እየጠበቀች፣ በእሱ መበየጃ ሽቦዎቿን በየደች። ቆርቆሮውን በጉልበቷ ይዛ ስትቆርጥ ጣቷ ላይ ያገኛት ጠባሳ ዛሬም አለ።

ከውድድሩ በፊት በነበረው ቅዳሜ ልጄ በእናቷ ሱቅ ውስጥ ሣጥኗን አስነሳቻት። ባለቤቴ እንደ ልማዷ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አስራ ራቅ ብላ ቆመች። ጤፉ ወረደ፣ ከረጢቱ ተነፋ፣ ቤቱ ውስጥ ብናኝ አልታየም። ነጠላዋን ፈታች። ቀረብ አለችና ፊቷን ሣጥኗ ላይ ደፍታ አየሩን ሳበች። ሳል አልመጣም። «ኢንተላ ኮ፣ ኢንተላ ኮ» ትላለች ደጋግማ፤ ሲያስደስታትም ሲያሳዝናትም ወደ ኦሮምኛዋ ነው የምትሄደው፣ ልጄ ማለት አልበቃት ሲል።

ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡት አዲስ አበባ ወደሚደረገው ትልቅ ዐውደ ርዕይ ይሄዳሉ። ልጄ የፈለገችው እሱን ነበር። እውነተኛ ወርክሾፕ፣ እውነተኛ መቁረጫ ማየት፣ ሁለተኛዋን ሣጥን ከሚያውቁ ሰዎች ጋር መሥራት። ልብሷን ሁሉ አጥባ አዘጋጅታ ነበር።

እኔ በዚያ ቀን ዳኛ መሆን አልነበረብኝም። በእኔ ቦታ ከጊንጪ የሚመጣ መምህር ተመድቦ ነበር። በዚያ ሰሞን ግን መንገዱ እየተዘጋ እየተከፈተ ነበርና መኪና አላለፈም፣ ሰውየው ሳይደርስ ቀረ። የቀሩት ሁለቱ፣ ከትምህርት ጽሕፈት ቤት የመጣች ሴትና የአንድ ሙያ ማሠልጠኛ የወርክሾፕ መምህር፣ ምን ይሻላል ሲሉ እኔ ራሴ ነኝ ግድ የለም፣ ለልጄ ብዬ አላደላም ያልኩት። ይህን ስናገር ድምፄን ከፍ አድርጌ ነበር፤ በአካባቢው ያሉ ወላጆች እንዲሰሙት።

የልጄ ጠረጴዛ ጋ ስንደርስ ሰው ከቦታል። ከሱቁ መንደር የመጡ ነጋዴዎች ሁሉ ነበሩበት። እናቷ ያልተበጠረ ጤፍ በቁና ይዛ አጠገቧ ቆማለች። ልጅቷ ሌሎቹ እንደሚያደርጉት የተሸመደደ እንግሊዝኛ አልተናገረችም፤ በእጇ እያሳየች በቀጥታ ወደ ሥራው ገባች። የወርክሾፕ መምህሩ ሣጥኗ ሥር በርከክ ብሎ ይጠይቃታል፣ ትመልስለታለች፣ የሆነ ነገር ከፍታ ታሳየዋለች፣ ይስቃል። እኔ ከኋላ ቆሜ ወረቀቴን ይዣለሁ። ማን እያየኝ እንደሆነ ነበር የማየው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ ቤት ውስጥ መሐንዲስ ያላት ልጅ ምን ይሳናታል አለኝ። ቀልዱን ነበር። ጆሮዬ ግን እሳት የነካው ያህል ጋለ።

ያ በቂ ሆነ። ከሁሉም ልጆች ዝቅተኛውን ነጥብ ለልጄ ሰጠሁ። ከሥሩ፣ ሥራው ጥሩ ቢሆንም የቤተሰብ እርዳታ ያለበት ይመስላል ብዬ ጻፍኩ። እጄ ያንን ሣጥን እንዳልነካ በዓለም ላይ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ማምሻውን ሴትዮዋ ማይክሮፎኑን ይዛ ማንበብ ጀመረች። አንደኛ የወጣው በአምቦ ውሃ አረፋ የሚተፋ የጭቃ እሳተ ገሞራ የሠራ ልጅ ነበር፤ አረፋው የአንዱን ወላጅ ጫማ ስለነካ ሰው በሳቅ ሞቶበታል። ልጄ አራተኛ ወጣች። የሁለቱ ዳኞች አስተያየት ምስጋና ብቻ ነበር። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ሴትዮዋ ቆም አለች፣ ወደ እኔ አየች፣ ከዚያ አነበበችው። ሰው ማጉረምረም ጀመረ። ልጄ ከእናቷ አጠገብ እንደቆመች ቀና ብላ አየችኝ፤ እኔ ወረቀቴን አየሁ። አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። እኔ አልረዳኋትም፣ ብቻ። አልተናገርኩም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መጻፍ ያሳፍረኛል። ሰዎች እየመጡ እጄን ጨበጡኝ። አንድ ሸምገል ያሉ እህል ነጋዴ ትከሻዬን ይዘው «ባርሲሳ፣ ዳኛ ማለት እንዲህ ነው» አሉኝ፤ መምህር ማለታቸው ነው። ደስ አለኝ። ልጄ ከሣጥኗ ጋር ባጃጅ ውስጥ ስትገባ እያየሁ፣ እኔ ደስ ብሎኝ ነበር።

ቤት ስደርስ ጠበቀችኝ። አላለቀሰችም። የተሰጣትን ወረቀት ከታጠፈበት ዘረጋችልኝና «አባዬ፣ ይኼ ያንተ ጽሑፍ ነው» አለችኝ። ፈተና ሳርም አጠገቤ እየተቀመጠች ነው ያደገችው፣ የእጅ ጽሑፌን ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ወረቀቱን ተቀበልኳት። ባለቤቴ ያን ምሽት ራት አነሳችና ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«ሰው ምን ይለኛል ብለህ ልጅህን በሰው ፊት ሌባ አደረግካት።»

ለከርሞ ትወዳደራለች አልኩ። ከርሞ ውድድሩ ሳይካሄድ ቀረ። በዓመቱ ሲካሄድ እሷ አልፈለገችም። እኔን ግን በየጊዜው ጠሩኝ፤ በራሱ ልጅ የጨከነ ዳኛ ተብዬ ስሜ ከአምቦ አልፎ ነበር። እየሄድኩ ዳኘሁ።

ሣጥኗ እናቷ ሱቅ ውስጥ ከዓመት በላይ ሠራች። የባለቤቴ ሳል ቀነሰ። ደንበኛ በመጣ ቁጥር የልጄ ማሽን እያለች ታስነሳዋለች፣ ጤፍ የማይገዛው ሁሉ ሊያይ ይመጣ ነበር። አንድ ቀን የጆንያ መስፊያ ሲባጎ ከጤፉ ጋር ገብቶ ማራገቢያው ላይ ተጠመጠመ። ሣጥኗ ጓ ብላ ቆመች፣ የተቃጠለ ነገር ሸተተ። ሲባጎው ሲወጣም አልነሳም አለች። ባለቤቴ ልጅቷን ሥሪልኝ አለቻት። ልጄ ያኔ ዘጠነኛ ክፍል ናት፣ ዩኒፎርሟን እያጠበች ነበር። ቀና ሳትል፣ ቤተሰብ የረዳው ነው ተብሏል፣ አባዬ ይሥራው አለች።

ሞከርኩ። ባትሪው ላይ አምፖል አገናኘሁ፣ በራ። ሽቦዎቹ ሣጥኗ ግድግዳ ውስጥ ተቀብረዋል፤ ሞተሩ ብናኝ እንዳይገባው ዙሪያው በቆርቆሮና በሬንጅ ታሽጓል። ለማየት መስበር ያስፈልግ ነበር፣ መስበር ፈራሁ። ጎኗ ላይ አንዲት የለስላሳ ቆርኪ ተመትታ ገብታለች፤ ለጌጥ ያደረገቻት መሰለኝ። ግራ ቀኝ አገላብጬ ሞተሩ ተቃጥሏል ብዬ ፈረድኩ። የፊዚክስ መምህር ተቃጥሏል ካለ ማን ይከራከራል? ባለቤቴ ለጥቂት ወራት ሣጥኗን ከቦታዋ ሳታነሳ ጠበቀች። አባትና ልጅ ታርቀው አብረው ይሠሩልኛል ብላ ተስፋ ማድረጓን ለጎረቤት ስትናገር ሰምቻለሁ። ከዚያ ጥግ አስጠጋቻት፣ ላይዋ ላይ ጆንያ ደረደረችባት። ወደ ወንፊቷም ተመለሰች።

ልጄ አሥራ አንደኛ ክፍል ስትደርስ የተፈጥሮ ሳይንስን ትታ ማኅበራዊ ሳይንስ መረጠች። ባልደረቦቼ እንዴት ዝም ትላለህ አሉኝ። በምን አፌ ልናገራት? ትምህርቷን ጨርሳ ጊንጪ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ተቀጠረች፤ ፋይል ታወጣለች፣ ፋይል ትመልሳለች። ለእኔ ክፉ ሆና አታውቅም። ትደውላለች፣ የደም ግፊት መድኃኒትህን ወሰድክ ትለኛለች፣ በበዓል ትመጣለች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

የባለቤቴ ደረት በመጨረሻዎቹ ዓመታት ጨርሶ ከዳት። ሐኪሙ ከብናኝ ራቂ አላት። ሱቁን መዝጋት ግን አልሆነላትም፤ በሚነፋ መድኃኒት እየታገዘች፣ ሁለት ሰፌድ አበጥራ እየተቀመጠች፣ ደግሞ እየተነሳች ሠራች። አምና ክረምቱ መግቢያ ላይ፣ ብርዱ ሲበረታ፣ ትንፋሽ አጥሯት ሆስፒታል ገባች። አልወጣችም። ብናኙ ብቻ ነው የገደላት ብሎ የነገረኝ ሐኪም የለም። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ጤፍ ሲበጠር ባየሁ ቁጥር ቆሜ ማየት አልችልም።

አርባዋ ካለፈ በኋላ ሱቁን ልናስረክብ ልጄ ቅዳሜ ጠዋት ከጊንጪ መጣች። የተረፈውን ጤፍ ለጎረቤት ነጋዴ ሸጥን፤ ዕቃ የሚያመላልስልን ባጃጅ በር ላይ ቆሟል። ባዶ ጆንያዎቹን ስናነሳ ሣጥኗ ከሥር ወጣች። ሞተሩ የተቃጠለ ስለሆነ ለቁራሌው እንስጣት አልኩ። ልጄ ተንበረከከች፣ በነጠላዋ ጫፍ አቧራውን ጠረገች፣ ሣጥኗን በጎኗ አስተኛቻት። ከመሬት ሚስማር አንስታ ቆርኪዋን ፈነቀለቻት።

ከቆርኪዋ ሥር ትንሽ ጉድጓድ ነበረች። ውስጧ ሁለት ብሎን፣ በመካከላቸው የተበጠሰች፣ የጠቆረች፣ እንደ ፀጉር የቀጠነች የመዳብ ክር። ልጄ ከቦርሳዋ አሮጌ የስልክ ቻርጀር አወጣች፣ ገመዱን በጥርሷ ላጠች፣ አንዲት ክር መዘዘችና ሁለቱ ብሎኖች ላይ ጠመጠመች። የባጃጁን ሾፌር ለመነችውና ከባትሪው ሽቦ ስበን አገናኘን። ማራገቢያው ዞረ። ከከረጢቱ ያረጀ ብናኝ ቡን ብሎ ወጣ፣ አሳለኝ።

ምን እንደነበረ ጠየቅኳት።

«ፊውዝ ናት። ማራገቢያው ከተያዘ ሞተሩ እንዳይቃጠል ቀድማ እንድትበጠስ ነው ያደረግኳት» አለችኝ። ከዚያ ወደ እኔ ሳታይ ጨመረችበት። «ያን ቀን ለዳኞቹ ከፍቼ አሳይቻቸው ነበር።»

ቀስ እያለች ነገረችኝ። ሣጥኗ የቆመች ዕለት አባቴ ስለ ፊውዟ ሰምቷል፣ ያውቃል፣ ሠርቶ ያስነሳታል ብላ ጠብቃ ነበር። ያን ጊዜ ይቅርታ የጠየቅኳት አድርጋ ልትቆጥረው ለራሷ ተስማምታ ነበር። ሞተሩ ተቃጥሏል ስል ስትሰማ፣ እያወቅኩ የካድኩ መሰላት፤ የእሷ ሥራ መሆኑን ከማመን ሣጥኗ ብትሞት የመረጥኩ መሰላት። እልህ ያዛት። አንድ ቀን እኔው እሠራላታለሁ እያለች፣ በየበዓሉ ስትመጣ ጆንያውን እያየች፣ ዓመታቱ አለፉ።

«እማዬ እየሳለች፣ እኔም ዝም አልኩ።»

የተሸከመችው ይህንን መሆኑን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። እኔ በእኔ ላይ የተቆጣች እየመሰለኝ ስኖር፣ እሷ ለካ ራሷን ስትከስስ ነው የኖረችው። አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

«አልሰማሁሽም ነበር» አልኳት። «አንቺ ስትናገሪ እኔ ሰው እያየሁ ነበር።»

ዞር ብላ አየችኝ። ከዚያ እሑድ ወዲህ ባደረስኩባት በደል ስታለቅስ አይቻት አላውቅም፤ ያን ቀን አለቀሰች። ጥፋቱ የእኔ ነው አልኳት፣ ደጋገምኩት፣ ራሷን ነቀነቀች። ያመነችኝ አይመስለኝም።

የባጃጁ ሾፌር ባትሪው እንዳይደክምበት ፈርቶ ልንቀለው ወይ ብሎ ጠየቀ። ልጄ ፊቷን በነጠላዋ እየጠረገች ትንሽ ይቆይ አለችው። ማራገቢያው መዞሩን ቀጠለ፣ የጨርቁ ከረጢት እንደ ድሮው ተነፋ። እጇን አጠገቧ ወዳለው የእናቷ ቁና ሰደደች፤ ቁናው ባዶ ነበር። ጤፉን ጠዋት ሸጠን ጨርሰናል።